ኪርያላይሶንና የአሬሮ ላሞች

ለእናቴ ለወይዘሮ ሎኮ፣ በክርስትና ስምዎ ለወለተሐና፤

አዮ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ፣ ጠብታውን ከጀመሩ ወዲህ ትንሽ ለቀቅ አደረገዎት? ይሄ የአባባ አገር ሰላምታ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ራስዎ ወገን ሰላሙን በ«ናጋ» ልጠይቅዎ፦ ሰው ናጋ? ከብት ናጋ? ውሃው ናጋ? የጥቅምቱ ዝናብ፣ ሐጋያው፣ ጣለ? ወይስ እንዳምናው ቦሬ ላይ አልቆ ነገሌ ሲደርስ ደመና ብቻ ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም የሳሙና ነው።

ባለፈው በስልክ አንድ ነገር ጠይቀውኝ መስመሩ ተቋረጠ። «አንቺ ልጅ፣ በማታውቂው ቋንቋ ቆመሽ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው? የተባለውን ሳትሰሚ አሜን ትያለሽ እንዴ?» ነበር ያሉኝ። መልሼ ብደውል ወተት ሊያመጡ ጎረቤት ፋርሂያ ቤት ሄደዋል ተባልኩ። ጥያቄዎ ግን አልተወኝም። ዕቃ ሳጥብም፣ ልብስ ሳሰጣም ይመጣብኛል። በስልክ የሚመለስ ስላልሆነ ጻፍኩት። ሸዋንግዛው ያንብብልዎት። ወንድሜ ሆይ፣ ከራስህ አትጨምርበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስታምማት አሮጊት ኪሪያ ማሩላ ትባላለች። «ኪሪያ» በነሱ ቋንቋ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ጠዋት መድኃኒቷን ሳቀርብላትም፣ ማታ ሳስተኛትም የምጠራት በሱ ነው። መንደራችን ከላርናካ ከተማ ወጣ ያለ ነው። የእኛ ሰዎች ተሰብስበው የሚጸልዩበት ሩቅ ነው፤ ለእኔም ሙሉ እሑድ አይሰጠኝም። ስለዚህ እሑድ እሑድ አሮጊቷን እነሱ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ አደርሳትና እኔ ግቢው ውስጥ ወይራ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። አለመግባቴ እርስዎን ፈርቼ ነበር። በዚህ በጥቅምት ግን ጉልበቷ ከዳት። ደግፌያት ገባሁ።

ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት። ወዲያው አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጫማዬን አንጠልጥላ መጥታ፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏት እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። መልሼ አወጣሁት። መልሳ አመጣችው። በመጨረሻ ጉያዬ ይዤው ቆምኩ፤ በዚሁ ተስማማን።

አዮ፣ ብዙ ነገር ያስገርማል። ቤቱ ወንበር ሞልቶበታል። ሴቶቹ ራሳቸውን አይሸፍኑም። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጥግ ላይ ቆመው በአፍንጫቸው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ጧፉን አሸዋ ውስጥ ይተክሉታል። ሥዕሎቹን አንዱንም አላወቅኳቸው፤ ጊዮርጊስን ግን ገና ከበሩ ለየሁት፣ ፈረሱም ዘንዶውም ያው ናቸው። የአገሬን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ሆንኩ። እሱን እያየሁ ሳለ ነው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኪርዬ ኤሌይሶን» ያለው።

ኪርያላይሶን! የእኛው፣ የሰሙነ ሕማማቱ! ጥቅምት ላይ ሕማማት ከየት መጣ ብዬ አላሰብኩም፤ ጉልበቴ ቀደመኝ። በግንባሬ ተደፋሁ። ጫማዬ ከጉያዬ አምልጦ ተንከባለለ። ልነሳ ስል ደግመው አሉት፤ ደግሜ ወደቅኩ። ቀና ስል ያቺው የጫማዋ ሴትዮ አጠገቤ ተንበርክካ ነጠላዬን ከአንገቴ ታላላለች፣ ሌላዋ በቦርሳዋ ታራግብልኛለች፣ አንዱ ሰውዬ ውሃ ይዞ ይሮጣል። ራሷን ስታ ወደቀች ብለው ነው። እየሰገድኩ ነው የምልበት ቃል ከየት ላምጣ? ውሃውን ጠጥቼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ እስኪያልቅ እጄን ይዘውኝ ቆዩ። ሲያበቃ ቄሱ ለእያንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ ሰጠ። ቁርባን መስሎኝ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ኋላ አሮጊቷ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ ስታራግፍ ሳይ እንደ እኛ መክፈልት መሆኑ ገባኝ። አይስጉ፣ እነሱ ዘንድ አልቆረብኩም፣ አልቆርብምም።

ቤት ስንገባ ለአሮጊቷ በእጄም በእግሬም አስረዳኋት፤ ወለሉ ላይ ሰግጄ አሳየኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን ወደ ደረቷ አድርጋ «ኪሪያ» አለች፣ ወደ ላይ አንስታ «ኪሪዮስ» አለች። ለካ ኪሪያ እመቤት ከሆነ ኪሪዮስ ጌታ ነው! ኪርያላይሶን ማለት፣ አዮ፣ ጌታ ሆይ ማረን ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግእዝ ይመስለኝ ነበር። አሁን አሮጊቷ ማንኪያ በወደቀባት ቁጥር «ኪርዬ ኤሌይሶን!» ትልና እደፋ እንደሆነ በጎን ታየኛለች።

ይሄን ስሰማ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሕማማትን ከበዓል ሁሉ አብልጠው እንደሚወዱት፣ ምክንያቱን ሲጠየቁም «በኪርያላይሶን እኔም አባትሽም እኩል ነን፤ እሱም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው» ይሉ እንደነበር አልረሳሁትም። ከአሬሮ መጥተው አባባን ሲያገቡ አማርኛውንም ግእዙንም ሳይሰሙ ያን ሁሉ ዓመት ቆመው አስቀድሰዋል። ዛሬ አማርኛውን ከእኔ በላይ ቢያውቁትም፣ ያኔ የነገሌው ቅዳሴ ለእርስዎ፣ የቆጵሮሱ ዛሬ ለእኔ እንደሆነው ነበር ማለት ነው። ይሄን ከዚህ በፊት እንዴት አስቤው አላውቅም?

ልጅ ሆኜ ከጎንዎ ቆሜ ከንፈርዎን አይ ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ሲል የእርስዎ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ምን እያሉ ነው ብዬ ጠየቅኩዎት። «የአባቴን ላሞች በስም እየጠራሁ ነዋ! ዲምቱን፣ ቡሬን፣ ቦቄን። እዚህ ስማቸውን የሚያውቅ የለ፣ ማን ያስታውስልኝ?» አሉኝ። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሎኮ ቅዳሴ መሃል በረት ከፈተች!» እያሉ እስከ ቤት ሲስቁ መጡ። እኔም ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ግን ጥያቄዎን በጥያቄ ልመልስ። ከዚያች ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ውስጥ ነኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ልድገም ስል ዜማቸው እየጎተተ መሃል ላይ ያስረሳኛል። ቄሱ አንድ ነገር ይላል፣ ሕዝቡ ኪርዬ ኤሌይሶን ብሎ ይመልሳል። ቄሱ የሚለውን ስለማላውቀው፣ እሱ በሚናገርበት ቦታ እኔ በልቤ የእናንተን ስም አንድ በአንድ አስገባለሁ። ሸዋንግዛው እላለሁ፤ ሕዝቡ ማረን ይላል። በዛብሽ እላለሁ፤ ማረን ይላል። እነሱ ሳያውቁ ይመልሱልኛል። ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ናፍቆት ነው? እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። ላሞቹ እውነት ነበሩ? በየስማቸው መሃል ከንፈርዎ የሚደግመው አንድ ቃል ነበር፤ ናጋ ይሉ ነበር እንዴ? ያ ጸሎት ከነበረ የእኔም ጸሎት ነው። ቀልድ ብቻ ከነበረና አይሆንም ካሉኝ ግን ተመልሼ ወይራው ሥር እቀመጣለሁ። እንደሚከብደኝ አልደብቅዎትም።

ሰላምታዬን እዚያ በምጠራችሁ ተራ ልስደደው። ሸዋንግዛውና ባለቤቱ ጠጂቱ፣ ናጋ። እህቴ በዛብሽ ከነተማሪዎቿ ተልተሌ ድረስ፣ ናጋ። አጎቴ ጣዲቻ አሬሮ ድረስ፣ ናጋ። ፋርሂያንም እጠራታለሁ፤ በሌላ ሃይማኖት ቤት ስሜ ተጠራ ብላ ቅር ትሰኝ እንደሆነ እስቲ ጠይቁልኝ፤ የምትሰኝ አይመስለኝም። አባባን ከሙታን ጋር አነሳቸዋለሁ። እርስዎን መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ዜማውን በሚያስረዝሙት ቦታ።

ዲምቱ፣ ቡሬና ቦቄ ግን እስካሁን ደጅ ናቸው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ አላስገባኋቸውም። በስልክ ብዙ መናገር አይጠበቅብዎትም። «ላሞቹን አስገቢያቸው» ይበሉኝ፣ ይገባኛል።

ልጅዎ ሐረገወይን
ቆጵሮስ፣ ላርናካ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.