የሊቪያ ትከሻ፣ የእኔ ነጥብ

እሁድ

ለሌላ ሰጡት። ዓመቱን ሙሉ «ያንቺ ነው» ሲሉኝ የከረሙትን ዋይልድካርድ። እንደኔ ነጥብ የሌላት ተጫዋች ወደ ቴኒስ ውድድሩ የምትገባው በክለቡ ግብዣ ብቻ ነው፤ ግብዣው ደግሞ አንድ ነው። ለአንድ አባል ልጅ ሰጧት። ባለፈው ወር ለልምምድ ስንጫወት ያሸነፍኳት ልጅ! አሠልጣኙ ዓይኔን ሳያይ «በሚቀጥለው» አለኝ። የክለቡን አባላት ልጆች በነፃ ያስተማርኩት ለዚህ ነበር።

በዚያው ቀን እንግዳዋ መጣች። በእንዲህ ያለ ትንሽ ውድድር ተጫዋቾቹን የሚያሳድራቸው ፈቃደኛ ቤተሰብ ነው። ክለቡ ቤት ሲፈልግ እጄን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ይወዱኛል ብዬ። ሊቪያ ትባላለች፣ ሮማኒያዊት ናት፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ደረጃዋ በዓለም ስድስት መቶ ምናምነኛ። ይህም ደረጃ ተብሎ! ሁለት ቦርሳ ተሸክማ እኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከአውቶብስ ወረደች። ወንድሜ ቤት ቀይሮ ወደ ዌስትቼስተር ሲሄድ የተወውን ክፍል ሰጠናት።

እማዬ አራት ጊዜ ሳመቻት። እኔን ዛሬ «ምነው ፊትሽ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ሰኞ

ሊቪያ ከመብላቷ በፊት አማተበች። አለቀልኝ።

«አየሽ? ኦርቶዶክስ ናት! አንቺ እንደ ዶሮ ዝም ብለሽ ነው የምትለቅሚው» አለች እማዬ።

ከዚያ በኋላ «ልጄ» ሆነች። «ልጇ» ሊቪያ ሳሎናችን ውስጥ የራኬቷን ጅማት ራሷ ትወጥራለች፣ ካልሲዋን መታጠቢያ ቤት ታሰጣለች። ፓስፖርቷ በማኅተም ተሞልቷል። ሁሉ ነገሯ ያስቀናኛል። ድካሟ እንኳን ያስቀናኛል፤ በውድድር የመጣ ድካም ነዋ። የእኔ ድካም የአባላት ልጆችን ኳስ በመልቀም የመጣ ነው።

ለእማዬ የገባሁት ቃል አለ። በዚህ ሳምንት አንድ ነጥብ ካላገኘሁ፣ አንዲት ነጥብ፣ ስሜ ደረጃ ውስጥ ካልገባ፣ ካልቨር ሲቲ ያገኘሁትን የቢሮ ሥራ እቀበላለሁ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ቦታውም ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ዋይልድካርዱ ሲቀር ነጥቡም የቀረ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሊቪያ በነጠላ ውድድሯ ተሸነፈች። ትከሻዋ ታሟል፤ ሰርቯ፣ ማስጀመሪያ ምቷ፣ ኳስ ለሕፃን የምታቀብል ይመስል ነበር። እንድትሸነፍ ስመኝ ነበር የሄድኩት። ስትሸነፍ ግን ደስ አላለኝም፣ እሱም አናደደኝ።

ከሜዳው ወጥታ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። የደብልስ፣ የሁለት ለሁለት ጨዋታ፣ ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ አጣማሪ የሌላት እዚያው ፈልጋ ትመዘገባለች።

«ከእኔ ጋር ትጫወቻለሽ?»

«እናቴ ለምናሽ ነው?»

«እናትሽ ከምትለው የሚገባኝ ‹ብይ› የሚለው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔ?»

«ትከሻዬን እያየሽ ነው። ሰርቭ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ። ትናንት ልጆቹን ስታስተምሪ አየሁሽ። ቁጡ ነሽ፣ ሰርቭሽ ግን ጥሩ ነው።»

እምቢ ልላት አፌን ከፍቼ ስሜን ጻፍኩ።

የሚያስገባን የሁለታችን ደረጃ ተደምሮ ነው። የእኔ ባዶ ነው። የገባሁት እንግዲህ በዚያ በናቅሁት ስድስት መቶ ምናምን ነው። በደብልስም አንድ ግጥሚያ ካሸነፍን የደረጃ ነጥብ ይደርሰኛል።

ረቡዕ

ልምምድ። ስለ እግሬ አቋቋም ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። በሦስተኛው ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ፣ በሮማኒያኛ። ከዚያ ደህና ተጫወትን።

ማታ እማዬ ለእኛ ለተጫዋቾቹ ብላ የሠራችውን ዶሮ ሊቪያ ረቡዕ ነው ብላ ተወችው። ለካ እነሱም ይጾማሉ። እማዬ ወደ እኔ ሳህን አየች። እኔ በውድድር ሳምንት አልጾምም። ዶሮውን በላሁ፣ ግን አልጣመኝም።

ለሊቪያ ስለ ቢሮው ሥራ ነገርኳት።

«ኢንሹራንስ አለው?»

«አለው።»

«ለትከሻም?»

ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ግጥሚያችን ነበር።

እማዬ ጎረቤታችንን እትዬ አልማዝን ይዛ መጣች፤ ሁለቱም ነጠላ ለብሰው። ቴኒስ አይተው አያውቁም። የመጀመሪያውን ዙር ወሰድን፣ ሁለተኛውን ተቀማን። ሦስተኛው እስከ አሥር የሚቆጠር መለያ ነው። ዘጠኝ ለስምንት እየመራን ሰርቭ የእኔ ሆነ።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው ለእማዬ «አንድ ኳስ ብቻ ቀራቸው» ብሏታል። አንድ ኳስ መታሁ። መረቡ ላይ ቀረ፤ ሰርቭ ሲሳት ሁለተኛ ዕድል አለ። እማዬ ግን አንዱ ኳስ ተመታ፣ አለቀ፣ ብላ ተነሳች።

«እልልልል! ሊቪያዬ! የኔ አንበሳ!»

እትዬ አልማዝ ተቀበለቻት። ዳኛዋ «ጸጥታ እባካችሁ» ብትል ማን ይሰማታል። ሁለተኛውን ሰርቭ ልመታ ኳሱን እያነጠርኩ ነበር። እስኪያበቁ ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ዳኛዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ስለተቋረጥኩ ከመጀመሪያው ሰርቭ እንድጀምር ፈቀደች። ተቃራኒዎቻችን ራኬታቸውን ጥለው ተሟገቱ። ሕጉ ሕግ ነው አለቻቸው።

መስመሩ ላይ መታሁት። አልነኩትም።

ይገባኛል አልልም። ዋይልድካርዱም ለዚያች ልጅ አይገባትም ነበር። አላፈርኩም።

እማዬ ሮጣ መጥታ ያቀፈችው ሊቪያን ነው።

«እማዬ፣ የመታሁት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። አንቺማ እቤት አለሽ፣ የት ትሄጂብኛለሽ?»

ነጥብ አለኝ፣ ቅናቴም አልለቀቀኝም።

ዓርብ

ዛሬ ተሸነፍን፣ በጣም። ሊቪያ እጇን ማንሳት አልቻለችም። ነጥቡን ግን ማንም አይወስደውም።

ቦርሳዋን እያሰረች «በሚቀጥለው ሳምንት በረሃው አጠገብ ሌላ ውድድር አለ» አለችኝ። «በአንድ እጅ መኪና መያዝ አልችልም። ድራይቭ ታደርጊያለሽ?»

እማዬ ከወጥ ቤት «ምንድነው የምትልሽ?» አለች።

«ሾፌር ሁኚልኝ ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ ብቻዋን ትሂድ?»

ለቢሮው ሁለት ኢሜይል ጻፍኩ፤ አንዱ እሺ ይላል፣ አንዱ ይቅርታ። የትኛውንም አልላክሁም። የመኪናዬ ጎማ አየር ጎድሎታል፣ ነገ ጠዋት አስሞላዋለሁ።