ፉጨቴን ለወረሱብኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሙቀት ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሥራ ብዛት የደከሙት ጆሮዎችዎስ? የፊዚክስ መምህሩ ዘርአብሩክ ነኝ፤ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ታጣቂ አስከትለው በጉብኝትዎ ያከበሩኝ። ነገሩን ሕዝብ እንዲያውቀው ልዘርዝር።

፩. ጎረቤቴ አቶ ኦጁሉ በቶም፣ ማለትም በአውራ ጣት በሚመታው የአኙዋ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከተማው የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ሕመም ጣቶቻቸውን ሳያስራቸው በፊት የተቀረጸ አንድ ካሴት ብቻ አላቸው። ቤቴ ጠርቼ ባሰማቸው «ይኼ የኔ እጅ አይደለም» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ጥፋቱ የክፍሌ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳው እየተጋጨ ቀጭኑን ይውጠዋል። ስለዚህ ከወፍራም እስከ ቀጭን በተራ የሚያፏጭ ካሴት አዘጋጅቼ፣ እሳቸው በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ማይክሮፎን አቁሜ፣ የድምፅ መለኪያዬን ቀስት እያየሁ ቁጥሩን በደብተር መዘገብሁ። ስፒከሮቹን ከጥግ አራቅሁ፤ ከባለ ሱቋ ከወይዘሮ ነጅሚያ የተዋስኋቸውን ሁለት የጥጥ ፍራሾችም ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ።

፪. እርስዎ ግን ፉጨቱን ከመንገድ ሰምተው ገቡና «ለማን ነው የምታስተላልፈው?» አሉኝ። «ለወንበሩ» ብዬ እውነቱን በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማይክሮፎኑን፣ መለኪያውን፣ የፉጨቱን ካሴትና «የምስጢር ቁጥር» ያሉትን ደብተሬን ወሰዱ። አንቴና ፍለጋ አንዱን ፍራሽ በሳንጃ ስላስቀደዱልኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ጥጡ ወለሉን ሲያለብሰው የክፍሉ ማስተጋባት ይበልጥ ቀነሰ።

፫. መለኪያ የለኝም ብዬ አልተውሁትም። በማግስቱ አቶ ኦጁሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ስፒከሩን በስንዝር በስንዝር ስገፋ፣ እሳቸው «ገና፣ ገና» ይሉ ነበር። ከቀትር በኋላ «ገና» ማለታቸውን ተዉ። ቀና ብዬ ባያቸው፣ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሱት አውራ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ ብለው ይመታሉ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እናዳምጣለን፤ መስኮቱም ክፍት ነው። ክልላችን ራሱን ማስተዳደር በጀመረበት በዚህ ዘመን ሰው የገዛ ድምፁን መስማቱ ወንጀል ከሆነ፣ ክሱን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ካሴቴን እስኪመልሱም በአፌ አፏጫለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይታዘዝ ልብ ጋር፣
መምህር ዘርአብሩክ
ሚያዝያ 1987 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መለኪያውን ከመውሰድዎ በፊት የቀበሌውን አዳራሽ ድምፅ ማጉያም ለክቼው ነበር። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ከንግግርዎ አንድም ቃል አይሰማም። በነፃ ላስተካክለው ተነሥቼ ነበር፤ ነዋሪው ግን «እባክህ እንዳትነካው» ብሎ ለመነኝ።