የአውቶቡሶቹ ወፍ

ለማከብርሽ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ያስቸግርሻል ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ። ልጆችሽስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም መነጽር ከጨመርኩበት ገና ያገለግለኛል። ከአርባ ዓመት ዝምታ በኋላ ዛሬ ምን አስታወሰው እንደምትዪ አውቃለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው ሳምንት የአውቶቡስ ድርጅታችን የአርማውን አርባኛ ዓመት አከበረ። ወፊቷን በር በሚያህል ሰሌዳ ላይ አድርገው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። ከሥሯ የኔ ስም። አንድ የሥዕል መምህር ተነሣና አብራራት፦ ሁለት ጥቁር ቅርጽ ብቻ ናት፣ አንድ ገላ፣ አንድ ክንፍ፤ ቲኬት ላይ ጥፍር ስታክልም፣ አውቶቡስ ጎን ላይ ሰው ስታክልም ያቺው ናት፤ የሚጨመርባትም የሚቀነስላትም የለም አለ። እኔ ፊት ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ከዚያ አንዲት ጡረታ የወጣች ሾፌር እጇን አወጣች። ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ይቺን ወፍ ይዤ ነድቻለሁ አለችኝ። ጭጋግ ሲሆን ቁጥራችን አይታይም፣ ተሳፋሪው ከሩቅ የሚለየን በሷ ነው። ግን ሁሌ የሚገርመኝ፣ ክንፏ ለምን ከገላዋ አልገጠመም? ያቺ ነጭ ክፍተት ምንድን ናት? አለች።

ክፍተቷን እኔ አልሠራኋትማ!

ታስታውሻለሽ አይደል? የኔ ንድፍ ጎማውም፣ መንገዱም፣ ፀሐይዋም፣ ወፊቷም የታጨቁበት ነበር። አንቺ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ቀና ብለሽ፣ ይሄ አርማ ነው ወይስ የገበያ ቀን? ብለሽ ሳቅሽብኝ። ጎማ፣ መንገድ፣ ፀሐይ ሳትዪ ሁሉንም በላጲስ ጠረግሽው። ወፊቷን ከጥቁር ወረቀት ቆረጥሻት፤ ክንፏን በምላጭ ለየሽና በጣትሽ ትንሽ ገፋ አደረግሽው። አየር ካላገኘች አትበርም አልሽ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብሽም።

በማግስቱ እናትሽ ታማ ሄድሽ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ገባና ወረቀቱን ከኔ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ፣ የማን እጅ ነው? አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው፤ እኔም እንዲወስደው ተውኩት። በአፌ አልዋሸሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ መሰለሽ! ስትመለሺ፣ እንኳን ደስ ያለህ ብቻ አልሽኝና እርሳስሽን መቅረጽ ጀመርሽ። ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቅሽ። ምነው በሰደብሽኝ ኖሮ።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ልጠይቅሽ አስቤ፣ ለዚያው ብዬ አዲስ ሸሚዝ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በምን አፌ? ሌላ ሴትም ጠይቄ አላውቅም።

እናም ባለፈው ሳምንት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ ይህንኑ ለሾፌሯ ነገርኳት፤ የሸሚዙን ነገር ብቻ ትቼ። መምህሩ ደብተሩን ዘጋ። ሾፌሯ ግን፣ ሴትዮዋ በሕይወት አለች? አለችኝ። አለች አልኳት። ታዲያ እኛን ምን አድርጉ ትለናለህ፣ ለሷ ንገራት እንጂ! አለች። ጋሼ ማለቷም እዚያው ላይ ቀረ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ሄጄ ስሜን አስነሣሁት። የድርጅቱ ሰዎች ያንቺን ሊጽፉ ይፈልጋሉ፤ ፈቃድሽን ጠይቅልን ብለውኛል። እምቢ ብትዪም ይገባኛል። ያኔ ቦታው ባዶውን ይቀመጣል እንጂ የኔ ስም አይመለስበትም።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጥፋበት። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ አፍሬ ይኸው መጨረሻ ላይ ደረስኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ከጎንሽ ባለው ጠረጴዛ ይሠራ የነበረው