የአባዬ ሆድ

ሐሙስ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ከልደታ ሜክሲኮ ቅርብ ነው፤ የታመመ አባት ይዞ ግን ሩቅ ነው። ዛሬ አባዬን ልብ ሐኪም ጋ ወስጄው ደክሞኛል። ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዳው፦ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከቀይ ሥጋ የሚሠሩት ነገር ደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ ባቄላና ጎመን ሲያገኙ ግን ለልብ የሚበጅ ነገር ያመርታሉ።

"ከፋሲካ በኋላም ሥጋውን ቀነስ፣ ጥራጥሬውን በርከት ያድርጉ" አለው።

ቤት ገብተን ጃኬቱን ስሰቅል ኪሱ ውስጥ አሞክሳሲሊን የሚባለው የባክቴሪያ መግደያ መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ አገኘሁ። እህቴ ለጥርሷ ታዞላት የተረፋት ነው።

"አባዬ፣ ይሄን ማን ዋጠው?"

"እኔ ነኛ። ነገሩን የሚሠሩት እነሱ አይደሉ? ጨረስኳቸው። ለፋሲካ ቁርጥ ሥጋዬን በሰላም እበላለሁ።"

"መግባቸው እንጂ ግደላቸው አላለህም እኮ!"

"ሆዴ ውስጥ ተቀምጠው ልቤን የሚወጉትን ነው የምመግበው?"

ዶክተሩ ጋ ስደውል "ነገ አባትሽን አምጪያቸው" አለኝ። ነገም ያው የታክሲ ሰልፍ። እሱ ሆዱን አጽድቶ ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ ሆዴ የሚባባው እኔ።