ምረቃ መስሎዎት ለቅሶ ስለ ደረሱን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት ድንኳን ሁሉ
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በየምረቃው የሚቀርብልዎት የፍየል ጥብስ ተስማምቶዎት፣ ሪባን የሚቆርጡበት እጅዎ ሳይዝል፣ ነፋሳችንም ከረባትዎን ሳያዛባ ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጥዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የባለቤቴን የእሌኒን ሰልስት አውጥቼ ሱቄን ከፍቻለሁ። ምንም አይሰማኝም፤ እጄ ግን ይሠራል።

ሰይፈ ወልደሥላሴ እባላለሁ፤ ባነር አታሚ ነኝ። በከተማችን መድኃኒት ቤት ሲከፈት፣ ሆቴል ሲመረቅ፣ የግመል ወተት መሸጫ ሲታደስ፣ የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፉን በአማርኛም በሶማሊኛም አትሜ፣ መሰላል ተሸክሜ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ሰቅዬ ስወርድ እርስዎ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኝዎታለሁ። ስለዚህ ፊቴን ያውቁታል፤ ስሜን ለማወቅ ግን ጊዜ አላገኙም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ ለለመደ ሰው እንዲህ ይቀላል ይባላል።

አንደኛ፣ ለውኃ መስመር ተብሎ በሰፈራችን መግቢያ የተቆፈረው ቦይ ቧንቧ ሳይገባበት፣ አፈሩም ሳይመለስበት ስለ ተተወልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ማዶ ቆሞ ያወርደናል፤ ሽማግሌ ሳይቀር በሳንቃ ላይ መራመድ ለምዷል።

ሁለተኛ፣ ስለዚሁ ቦይ ላመለክት በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ሱዕዲ በትሕትና መስክ ወጥተዋል ትለኛለች። የገጠር ልጅ ስለሆንኩ መስክ ሲባል ሣርና ከብት ነበር የሚታየኝ። የእርስዎ መስክ ድንኳን መሆኑ የገባኝ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ከዚያ በኋላ አቤቱታዬን በየድግሱ ይዤልዎት መምጣት ጀመርኩ። በኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ምረቃ ቀርቤ ስነግርዎት፣ በጭብጨባው መሐል በርታ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በሆቴሉ ምረቃ ሳህን አስይዘው ብላ እንጂ አሉኝ፤ ሥጋው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ለወፍጮ ቤት ምረቃ ቱሊ ጉሌድ ድረስ ተከትዬዎት ሄጄ ነበር፤ እርስዎ ግን ወደ ሌላ ምረቃ ተቻኩለው ነበር።

ሦስተኛ፣ እሌኒ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የወደቀች ዕለት ባጃጁ እንደ ልማዱ ማዶ ቆመ። ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ጎረቤታችን ሳማታር ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆኖ፣ ሳንቃው ሰው ለተሸከመ ስለማይበቃ፣ በብርድ ልብስ ይዟት ቦዩ ውስጥ ወረደ። መውረዱስ ደህና ነበር፤ ሊወጡ ሲሉ ግን አፈሩ ከእግራቸው ሥር እየተናደ መለሳቸው። ሐኪሙ፣ ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ፣ አለና ካርዷን አጠፈው። ይህን የጻፍኩት ልወቅስዎት አይደለም፤ መስክ ላይ ነበሩ።

አራተኛው ዋናው ምስጋናዬ ነው። ለለቅሶው ሳማታር ድንኳኑን ተከለልን። የእሱ ድንኳን ለሠርግም ለምረቃም ለለቅሶም ያው አንድ ነው። ነፋሱ ሲያስቸግር የዕድራችን ሰዎች ከሱቄ የተረፈ ባነር አምጥተው፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙረው በጎን በኩል ጋረዱበት። ነፋሱ ገለበጠውና እንኳን ለምረቃ በዓላችን በደህና መጡ የሚለው ወደ መንገድ ወጣ። በዚያው ቀን ከመንገዱ ማዶ የቀለም መሸጫ ይመረቅ ኖሯል። እርስዎ ግን ባነሩን አምነው፣ ለጫማዎ እየሰጉ በሳንቃው ተሻግረው፣ እኛ ዘንድ ገቡ።

ከፊት ተቀመጡ። ዝምታችንን ለእርስዎ የተሰጠ ክብር አድርገው ቆጠሩት መሰለኝ። ፊቴ አዲስ ስላልሆነብዎት ባለ ድርጅቱ እኔ መስዬዎት እጄን ጨበጡና እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ለወጣቱ የሥራ ዕድል እንደምፈጥር እምነትዎን ገለጹ። ንፍሮ ሲቀርብልዎት ጥቂት ግራ ተጋብተው፣ ቀምሰው፣ የባህል ምግብ ማስተዋወቃችን የሚበረታታ ነው አሉ። በመጨረሻም ተነሥተው ለሁለተኛው ቅርንጫፍ ያድርሰን ብለው መረቁ። የዕድራችን ዳኛ አቶ አምሀ ምርቃት ሲሰሙ አሜን ማለት ስለለመደባቸው አሜን አሉ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ። ሐዘንተኛ የሚሉትን አይሰማም ይባላል፤ እኔ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ብናደድ እንኳ ይቀለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ለእሌኒ የሚሆን ነገር አልጠይቅዎትም። ጎረቤቴ ኤብላ ግን ወሯ ገብቷል፤ ባሏም ሹፌር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደገሀቡር መንገድ ላይ ነው። ምጧ ሲመጣ ባጃጁ ማዶ ይቆማል። ቦዩን ያስደፍኑልን። ሪባን የግድ ከሆነ ሪባኑን እኔ እችላለሁ፤ ባነሩንም በነፃ አትሜ ስምዎን ከሁሉ አጉልቼ እጽፈዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ብቻ ይፍጠኑልን።

በየድግስዎ ከመሰላል ላይ አናትዎን እያየሁ የኖርኩ፣ ሳያውቁኝ እንኳን ደስ ያለህ ያሉኝ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን ዝቅ ብዬ የማቀርብ ነዋሪዎ፣
ሰይፈ ወልደሥላሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳማታር ድንኳኑን ሊነቅል መጥቶ ነበር። ኤብላ ሆዷን ይዛ በሳንቃው ስትሻገር አያትና፣ ልንቀለው ወይስ ይቆይ ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎን እንዲጠይቅ ወደ ቢሮዎ ላክሁት። መስክ ወጥተዋል ተብሎ ተመለሰ። ድንኳኑ እንደ ቆመ ነው።