የእናቴን ቀጠሮ በየማለዳው እየሰረዘ አረንጓዴ ስለሚያበራው ፍተሻ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር አለቃዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ ወገብዎ እንዴት አደረ? ባለፈው ሳምንት ከስብሰባ መውጣት ስላልቻሉ ካርድዎን በጸሐፊዎ በኩል ልከውልኝ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አስይዤልዎ ነበርና፣ እስከዚያው ሕመሙ እንዲታገሥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሩ አጠገብ የምቀመጥ፣ ፕሮግራሞችን የምፈትሽ፣ እርስዎም «ጠርጣራዋ» ብለው ስም ያወጡልኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ለብቻዎ ስነግርዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ በየማለዳው በራሱ የሚሠራውን ፍተሻ እንድጽፍ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ይህ ስክሪፕት የምንለው አጭር ፕሮግራም፣ ኤፒአይ በምንለው፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት መስኮት በኩል ገብቶ፣ በዓለም የሌለ በሽተኛ ይመዘግባል፤ ከምላሹ ውስጥ የካርድ ቁጥሩን አውጥቶ ያስቀምጣል፤ በዚያው ቁጥር ቀጠሮ ያስይዛል፤ መያዙን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ቆሻሻ ትቶ እንዳይሄድ በዚያ ካርድ ላይ ያገኘውን ቀጠሮ ሁሉ ይሰርዛል። ቁጥሩ በየቀኑ ከምላሹ የሚወሰድ አዲስ ቁጥር ስለሆነ ማንም ላይ ጉዳት አያደርስም፤ ምዝገባው ከተበላሸ ደግሞ ቁጥር ስለማያገኝ ቀይ ያበራል። ቀይ ማብራት ሥራው ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ቀይ መብራት ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉ ቦርድ ሊጎበኘን በመጣበት ዕለት ምዝገባው እምቢ ብሎ ስክሪኑ በቀይ ሲሞላ፣ ሌላ አለቃ ቢሆን ምዝገባው ምን ነካው ብሎ በጠየቀ ነበር፤ እርስዎ ግን «በእርግጠኝነት ያለ ሰው ቁጥር ስጡኝ» ብለው፣ የእናቴን የዓይን ቀዶ ሕክምና ላስይዝ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርኩትን ካርዷን አንሥተው፣ ከምላሹ የሚወጣው ቁጥር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የእሷን ቁጥር በገዛ እጅዎ ጻፉበት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ ቦርዱም አጨበጨበ። ነገ እናወጣዋለን ያሉት ነገ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሦስተኛው ምስጋና የእናቴ ነው፤ እሷ ስለማታውቅዎ እኔ ላድርስላት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የዓይን ሞራ ከያዛት ወዲህ መርፌዋን በጣቷ እየዳሰሰች ነው ክር የምታስገባው። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ባስያዝኩላት ቁጥር ታጥባ፣ ምግብ ሳትቀምስ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር አጽድታ ትመጣለች፤ የመዝገብ ቤቷ ልጅም ኮምፒውተሩን አይታ «እማማ፣ ራስዎ ሰርዘውታል እኮ» ትላታለች። በመጀመሪያው ቀን እናቴ «ልጄ፣ ስልኩ የት እንዳለ እንኳ አላይም፣ በምን ሰረዝኩት?» ብላ ተከራከረች። ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተወችው። «ዕድሜ ነው፣ ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል» እያለች የመዝገብ ቤቷን ልጅ ይቅርታ ትጠይቅ ጀመር። ቤት ስትመለስ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ አእምሮዋ እየከዳት መሰላት። እኔ አብሬያት ቆሜ ነበርና ያን ይቅርታዋን መቼም አልረሳውም። ሐኪሟ ደግሞ ሞራው ወደ ሁለተኛው ዓይኗ መሻገሩን ነግሮናል።

ማን እንደሰረዘው መርምሬ ያገኘሁት የገዛ ፍተሻችንን ስም ነው። በየማለዳው የእናቴን ካርድ በአክብሮት ይከፍታል፣ የራሱን ቀጠሮ ያስይዛል፣ ከዚያ የእሱንም የእሷንም አንድ ላይ ጠርጎ ይሄዳል፤ ከዚያም «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ለእርስዎ ሪፖርት ይልካል።

አራተኛ፣ ነገሩን ስነግርዎ ስለሰጡኝ ፈጣን ውሳኔ አመሰግናለሁ። የክፍሉ ግምገማ እስኪያልቅ አረንጓዴ የሆነ ነገር እንዳይነካ፣ እናቴም አንድ ዙር እንድትታገሥ አዘዙኝ፤ ያም እንዳይረሳ በኢሜይል «ቁጥሩ ምንጊዜም በሥርዓቱ ውስጥ በእርግጥ ያለ ሰው ቁጥር ይሁን» ብለው መመሪያ ጻፉልኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፤ እርስዎ ግን እንጨቱን እንኳ በመመሪያ ነው የሚሰዱት። አምስተኛም ነበረኝ፤ ተናድጄ ረሳሁት።

ግምገማው በአረንጓዴ እንዲያልፍልዎ፣ ምስክር ወረቀቱም ከወንበርዎ በላይ ቀና ብሎ እንዲሰቀልልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ጠርጣራዋ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ቦርድ
ለመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ ጥፋት የለባትምና
ለእናቴ፣ ዓይኗ ሲገለጥ ራሷ እንድታነበው

ማሳሰቢያ፦ መመሪያዎን አክብሬያለሁ። ፍተሻው አሁንም የሚሠራው በሥርዓቱ ውስጥ በእርግጥ ባለ ሰው ቁጥር ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ግን የእናቴን አውጥቼ፣ በጸሐፊዎ በኩል የላኩልኝን ካርድ ቁጥር አስገብቻለሁ። የእናቴ ቀጠሮ ዛሬ ጠዋት ሳየው በቦታው አለ፤ ፍተሻውም እንደ ወትሮው አረንጓዴ ነው። ሐሙስ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ራስዎ ሰርዘውታል ስትልዎ አይከራከሯት፤ ዕድሜ ነው፣ ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል ይበሏት።