እናንተ ዘንድ የሚበራ፣ እኛ ዘንድ የማይበራ አምፕሊፋየር

ይድረስ ለተከበሩ የድምፅ መሣሪያዎች ጥገና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ሠራተኞችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አምፕሊፋየር ታቅፌ የማዕከልዎን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከተቀየመኝ ወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ሊፍታችሁ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት መወየቡን ስመለከት፣ ጥገና በእናንተ ቤት ምን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ እንደሆነ ገና ከደጅ ተምሬያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለወቀሳ እንዳይመስልዎ። ምስጋናዬ በዝቶ በአስተያየት መስጫ ሳጥናችሁ ቀዳዳ አልገባ ስላለኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አባቴ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ መሣሪያ «ጉንዳን የገባብኝ ይመስለኛል» ብለው ስለጣሉት፣ በቤታችን ሌላ ዘዴ ተፈጠረ። ሳሎን ባለው አምፕሊፋየር ላይ ማይክራፎን ሰክተን፣ አንዱን ስፒከር ከወንበራቸው አጠገብ አቁመን፣ ማታ ማታ ማይኩን እየተቀባበልን እናጫውታቸዋለን። ባለቤቴ የገበያውን፣ ልጄ የትምህርት ቤቷን፣ እኔ የመሥሪያ ቤቴን ሐሜት። ሐሜቱን ጎረቤትም አብሮ እንደሚሰማ አልጠፋንም፤ ግን አባቴ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሲያሻቸው ይሰድቡናል። ይኸው አምፕሊፋየር አንድ ምሽት ወሬ መሃል ጠፋና አልበራም አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ቀይዋ መብራት ብልጭ ትልና ድርግም ነው።

ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስልኩን ያነሳችልኝን ሠራተኛዎን አመሰግናለሁ። ሶኬቱን ነቅዬ እንድሰካ ነገረችኝ፤ ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ሶኬት እንድሞክር ነገረችኝ፤ ከማእድ ቤት ድረስ በማከፋፈያ ጎትቼ ሞከርኩ። ፊውዙም ደህና ነው። በመጨረሻ ጥያቄዬን ለመመዝገብ፣ መሣሪያው ሲበራ መስታወቱ ላይ የሚወጣውን ቁጥር እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የደወልኩት ስለማይበራ መሆኑን ባስረዳት፣ በፍጹም ትሕትና «እንግዲያው ሲበራልዎ ይደውሉ» ብላ ተሰናበተችኝ። ለደንበኛው ይህን የመሰለ ተስፋ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከየት ይገኛል?

2ኛ. ነጭ ጋዋን የለበሱትን ባለሙያዎን አመሰግናለሁ። በእናንተ ጠረጴዛ ላይ፣ በእናንተ ገመድ፣ ከእናንተ ስፒከር ጋር አገናኝተው ቁልፉን ሲጫኑት ወገግ ብሎ በራ። «ጤነኛ ነው» አሉኝ። ቤት ወሰድኩት፤ አልበራም። መልሼ አመጣሁት፤ በራ። በእንግዳ ፊት ጨዋ፣ ቤቱ ሲገባ አኩራፊ የሆነ ልጅ ያሳደግኩ ያህል አፈርኩ። በሦስተኛው ጊዜ አያያዜን እንዳስተካክል ተመከርኩ። ለመሆኑ ቤትህ ከምን ጋር ነው የምታገናኘው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ለግል ሕይወቴ ስላሳያችሁት ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ።

3ኛ. በመጣሁ ቁጥር በክዳኑ ላይ ስለለጠፋችሁት «ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ተለጣፊ አመሰግናለሁ። ሦስቱ ተደርድረው ሲታዩ ያምራሉ።

4ኛ. ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ቀልዱ አልመጣልኝም። አባቴ በእነዚያ ሳምንታት መከራከር ተዉ። እኛ ስንስቅ ይስቃሉ፤ ምን እንዳሳቀን ግን አያውቁም። ያልናቸውን ሁሉ «እሺ» ይላሉ። በዕድሜያቸው እሺ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ያ እሺታ አስፈራኝ። መጀመሪያ ጮኽንላቸው፤ ቀጥሎ በእጃችን አወራናቸው፤ ኋላ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ደከመንና እርስ በርሳችን ማውራት ጀመርን። አጠገቤ ተቀምጠው ናፈቁኝ።

መፍትሔው የመጣው ከላይ ነው፤ ከበላይ አካል ሳይሆን ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ። እዚያ የሚኖሩት ጡረተኛ ወይዘሮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አንድ ቀን በራችንን አንኳኩ። «እንደው ይቅርታ አድርግልኝና፣ የዚያ የግምጃ ቤት ኃላፊያችሁ ነገር ምን ላይ ደረሰ? መሃል ላይ እኮ አቋረጥክብኝ» አሉኝ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው መምጣታቸው ገርሞኝ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ያን ቀን አንተ እያወራህ ሶፋ ተጎተተ፤ ከዚያ ድምፅህ ቀጥ አለ። የተጣላችሁ መስሎኝ ነበር» ብለው ጨመሩ።

ሶፋውን አነሳነው። እግሩ የስፒከሩን ገመድ ጨፍልቆ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው ተነካክተዋል። መሣሪያው ለካ ጤነኛ ነበር፤ እንዳይቃጠል ራሱን እያጠፋ ነው የቆየው። እኔም ከእናንተ በተመለስኩ ቁጥር ከዚያው ገመድ ጋር በታማኝነት ሳገናኘው ኖሬያለሁ። ገመዱን ቀየርን፤ በራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለእኛ ኖሯል።

እናንተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ያላገኛችሁትን እርሳቸው በኮንክሪት ውስጥ ሰምተው አገኙት። የባለሙያ እጥረት ካለባችሁ ላማልዳችሁ ዝግጁ ነኝ። ጉልበታቸው ከአንድ ፎቅ በላይ ደረጃ ስለማይችል ግን ሊፍቱ እስኪጠገን መጠበቅ ይኖርባችኋል፤ እስከዚያ እርሳቸውም እኔም በሕይወት ከቆየን።

በተረፈ፣ ደጃችሁን ደጋግሜ የሳምኩት፣ ከአክብሮትም ከወገብ ሕመምም የተነሣ ጎንበስ እንዳልኩ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎና የጤነኛው አምፕሊፋየር ባለቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በማይክራፎን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ማይኩን ከእጄ ነጥቀው፣ ለመናገር እንኳ ማይክ የሚያስፈልጋቸው ሰው ባይሆኑም፣ እንዲህ ብለህ ጨምርበት አሉኝ፦ «የጆሮ ሐኪሙም ጭር ያለች ክፍል አስገብቶ መርምሮኝ ደህና ይሰማሉ ብሎኛል። እኔ የምኖረው ግን እዚያች ክፍል ውስጥ አይደለም»። ከዚያ ከሦስቱ ተለጣፊዎቻችሁ አንዱን ልጠው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እንግዳ ሊመጣ ነውና ያንሡት ብንላቸው እምቢ አሉ። እምቢታቸውን እትዬም ከላይ ሰምተውታል።